ደብዳቤ ለልጄ፦ 44 ግራሙ የት ገባ?

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ድሬ ሙቀቷ እንዳለ ነው። ሰሞኑን ሌሊቱም አልቀዘቅዝ ብሎ ፍራሽ አውጥተን ግቢ ነው የምንተኛው። እናትሽ ትንኙን ትራገማለች፣ ወንድምሽ ያንኮራፋል።

ባለፈው ከዩኒቨርሲቲ ስትደውዪ "አባዬ፣ ኬሚስትሪ ደረሰኝ" ያልሽው ሰው እንደምታረጂ ነበር። "ምን ልሠራበት ነው?" አልሽ። መልስ ሳልሰጥ "ለእማዬ ስጣት" ብለሽ ገላገልሽኝ። ስለዚህ መልሴን በጽሑፍ ላድርገው አልኩ። ወንድምሽ ታይፕ አድርጎ በቴሌግራም ይልክልሻል። የፊደል ግድፈት ካገኘሽ የሱ ነው።

ላጽናናሽ ብዬ አይደለም የምጽፈው። ምርጫሽ ሜዲስን እንደነበር አውቃለሁ። ከከፋሽ ይክፋሽ፣ ያልፋል። ግን "ምን ልሠራበት ነው" ያልሽው ነገር አንቺንም ወንድምሽንም ያሳደገ እንጀራ ስለሆነ ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

ልጅ እያለሽ የሰፈር ልጆች "አባትሽ ሲሚንቶ ፋብሪካ ምንድን ነው የሚሠራው?" ሲሉሽ "ድንጋይ ያቃጥላል" ትያቸው ነበር። እውነትሽን ነው። ላብራቶሪ ውስጥ በየሺፍቱ ከምሠራቸው ነገሮች አንዱ በትክክል እሱ ነው።

አሠራሩን ልንገርሽ። ከካባው የወጣው የኖራ ድንጋይ ተፈጭቶ ዱቄት ሆኖ ይመጣልኛል። ከሱ አንድ ግራም እመዝናለሁ። ስክሪኑ ላይ 1.0000 እስኪል ድረስ በማንኪያ ጫፍ እየጨመርኩ፣ እየቀነስኩ። ሚዛኑ ዙሪያውን በመስታወት የተከለለ ነው፤ የቬንትሌተር ንፋስ እንኳ የመጨረሻዋን ቁጥር ያወዛውዛታል። ዱቄቱን ክሩሲብል በሚባል እሳት የሚችል ትንሽ ስኒ ውስጥ አድርጌ 950 ዲግሪ የጋለ ፈርነስ (የላብራቶሪ ምድጃ) ውስጥ እከተዋለሁ። ሻይ ጠጥቼ፣ ሪፖርት ጽፌ እመለሳለሁ። በረጅሙ መቆንጠጫ አወጣውና ዴሲኬተር በሚባል እርጥበት በማያስገባ ዕቃ ውስጥ አቀዘቅዘዋለሁ፤ አለበለዚያ ከአየሩ እርጥበት ይጠጣና ያሳስተኛል። ከዚያ መልሼ እመዝናለሁ።

0.57 ገደማ ይላል። ዱቄቱ እንደገባ ነጭ ነው። ጭስ አልወጣም፣ ሽታ የለም፣ ፈርነሱ ውስጥ የፈሰሰ ነገር የለም። ግን ግማሽ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነገር ጠፍቷል። ድንጋዩ ንጹህ ካልሲየም ካርቦኔት (የኖራ ድንጋይ ዋናው ማዕድን) ቢሆን ደግሞ ከ100 ግራም 56 ይቀራል፣ 44 ይጠፋል። ዛሬም ነገም፣ እዚህም ቻይናም ያው ነው።

እኔ ኬሚስትሪ የምለው ይሄንን ነው። መዝነሽ ታስገቢያለሽ፣ መዝነሽ ታወጪያለሽ፣ ከዚያ የጎደለው የት እንደገባ ትጠይቂያለሽ። የሒሳብ ሹም ሥራ በይው። ፔሪዮዲክ ቴብል፣ ቀመር፣ ያ ሁሉ የሚያስፈራሽ ነገር ከዚህ ጥያቄ በኋላ የመጣ ነው።

ጥያቄውን በደንብ የጠየቀው ሰው ደግሞ የሜዲስን ተማሪ ነበር፤ ልብ በይልኝ። ጆሴፍ ብላክ ይባላል። በ1750ዎቹ ኤድንብራ ይማር ነበር (ከዚህ በኋላ የምጽፋቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ ናቸው)። በዚያን ጊዜ ሐኪሞች ለፊኛ ጠጠር ከተቃጠለ ኖራ የተሠራ ውሃ ያጠጡ ነበር። ያቃጥላል። ብላክ ለስለስ ያለ መድኃኒት ፍለጋ ማግኒዥያ የሚባለውን ነጭ ዱቄት ያሞቅና ይመዝን ጀመር። ክብደቱ ብዙ ቀነሰ። የወጣውን እንፋሎት ሰብስቦ ቢያይ ትንሽ ውሃ ብቻ ነው። ስለዚህ የቀረው ጉድለት አየር መሆን አለበት አለ። ድንጋይና ዱቄት ውስጥ የታሰረ አየር! በ1754 በመመረቂያ ጽሑፉ ያቀረበውን በ1756 አስፍቶ አሳተመው። ዛሬ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የምንለው እሱ ነው፤ ከኖራ ድንጋዬ የሚጠፋው 44 ግራምም እሱ ነው።

ለጠጠሩ መድኃኒት አላገኘም። ግን ያ አየር ከትንፋሻችንም እንደሚወጣ አሳየ። አንቺም ልታዪው ትችያለሽ። ጥርት ያለ የኖራ ውሃ ብርጭቆ ውስጥ አድርጊና በስትሮ ንፊበት፤ ወደ ውስጥ ብቻ እንዳትስቢ። ውሃው ነጭ ሆኖ ይደፈርሳል። ያ ነጭ ነገር የኖራ ድንጋይ ነው፣ ከትንፋሽሽ የተሠራ። ይሄ ካላስገረመሽ እኔ አቅም የለኝም፣ ዲፓርትመንት ቀይሪ።

ከሱ በኋላ ፈረንሳዊው ላቮዋዚዬ መጣና ሚዛንን የኬሚስትሪ ዳኛ አደረገው። ሰውዬው በሌላ በኩል ግብር አስከፋይ ነበር። በ1794 በጊሎቲን አንገቱን የቆረጡት በግብሩ ሥራ እንጂ በኬሚስትሪው አይደለም።

አሁን ሐረር አክስትሽ ጋ እንሂድ። ጀጎል ውስጥ ግድግዳው ኖራ ሲቀባ ያየሽው ትዝ ይልሽ ይሆናል። የተቃጠለው ኖራ በርሜል ውስጥ ይገባል፣ ውሃ ይፈስበታል፣ እሳት ሳይነድበት ይፈላል። ልጆቹን "ራቁ!" የሚሉት ለቁጣ አይደለም፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ያሳውራል። ሲበርድ ተበጥብጦ ግድግዳው ላይ ይለቀለቃል። ሰው ውሃው ተኖ ደረቀ ብሎ ይሄዳል። ግድግዳው ግን ሥራውን ገና መጀመሩ ነው። በየቀኑ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ቀስ በቀስ ወደ ድንጋይነቱ ይመለሳል። ፈርነስ ውስጥ የጠፋብኝ 44 ግራም በዚያ ጠባብ መንገድ ላይ ግድግዳው ውስጥ እየገባ ነው ማለት ነው። ዛሬ ብዙ ሰው የባልዲ ቀለም ነው የሚገዛው። ቀለማቱ ያምራሉ፤ እኔ ግን ለኖራው አደላለሁ።

እዚያው ቤት ውስጥ መደቡና ወለሉ የሚቀባው ቀይ አፈርስ? ሽማግሌዎቹ በ1887 ጨለንቆ ላይ ለወደቁት መታሰቢያ ነው ይላሉ። ቀይ ያደረገው ብረት ነው፤ ኦክስጅን ጠጥቶ የጠገበ ብረት። ከጠገበ በኋላ ፀሐይም ዘመንም አያደበዝዘውም። አቦ፣ ምን ያህል ዘመን? እዚሁ ድሬዳዋ አጠገብ ፖርክ ኤፒክ ዋሻ አለ። ተመራማሪዎች ከዚያ 40 ኪሎ ግራም ያህል ቀይና ቢጫ የብረት አፈር አውጥተው አጥንተዋል፤ ጥናቱ በ2017 ታትሟል። ከ40 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የነበሩ ሰዎች ሰብስበው፣ ፍቀውና ፈጭተው የተጠቀሙበት ነው። ቀለሙ ዛሬም አለ። ቢጫውን አፈር እሳት ላይ ብታደርጊው ውሃ ይወጣውና ቀይ ይሆናል። እሱም ቢመዘን ይጎድላል፤ ንጹህ ከሆነ ከ100 ግራም 10 ያህል።

የሐረሩን ትተን ወደ ቤታችን። ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ታውቂዋለሽ። እናትሽ "የድሬ ውሃ ጨው" ትለዋለች። ጨው ቢሆን ኖሮ ውሃ ያሟሟው ነበር። እሱም ያው የኖራ ድንጋይ ነው። ዝናቡ ሲወርድ ከአየርና ከአፈር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ትንሽ አሲድ ይሆናል። በኖራ ድንጋዩ ተራራ ውስጥ ሲሰርግ ድንጋዩን እያሟሟ ይዞት ይሄዳል። እኛ ከጉድጓድ ስበን እናፈላዋለን። ሲፈላ ጋዙ ይወጣና ድንጋዩ ብቻውን ይቀራል፣ ማንቆርቆሪያው ላይ ይለጠፋል። የውሃ ማሞቂያውን የሚያቃጥለውም እሱ ነው፤ ብረቱን እንደ ቅርፊት ይሸፍነውና ሙቀቱ ወደ ውሃው እንዳያልፍ ያደርጋል። ሎሚ ጨምቀሽ ትንሽ ውሃ አድርገሽ ብታሞቂው ፍችፍች እያለ ይለቃል። ያ አረፋ ማን እንደሆነ አሁን ታውቂያለሽ።

አዲስ አበባ እንደሄድሽ "አባዬ እዚህ ሳሙናው ቶሎ ነው አረፋ የሚያወጣው" ያልሽኝም ከዚሁ ነው። የለገዳዲ ግድብ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት ነው፣ በኖራ ድንጋይ ውስጥ አልዞረም። እኛ ጋ ከኖራ ድንጋዩ ወደ ውሃው የገባው ካልሲየም መጀመሪያ ሳሙናውን ይይዝና ነጭ ዝቃጭ ያደርገዋል። ፀጉርሽን የሚያሻክረውም እሱ ነው። ካልሲየሙ እስኪጠግብ ድረስ ያለው ሳሙና ኪሳራ ነው።

ወደ ሲሚንቶው ልምጣ፣ እንጀራዬ ወደሆነው። የኖራ ድንጋይና ሸክላ አፈር አንድ ላይ ይፈጫል፣ በሚሽከረከረው ምድጃ ውስጥ እስከ 1450 ዲግሪ ይጋላል፣ ክሊንከር የሚባል ጥቁር ጠጠር ሆኖ ይወጣል። ትንሽ ጂፕሰም ተጨምሮ ሲፈጭ ሲሚንቶ ነው። ጂፕሰሙ ባይኖር ግንበኛው በአካፋ እያነሳ እጁ ላይ ይጠጥርበት ነበር። ከረጢቱ ላይ 32.5 ወይም 42.5 የሚለው ኪሎ አይደለም። ሲሚንቶው በ28 ቀኑ የሚችለው ጫና ነው፣ ሜጋፓስካል በሚባል የጫና መለኪያ።

ሰው ሲሚንቶ የሚጠነክረው ሲደርቅ ይመስለዋል። ተቃራኒው ነው። ውሃውን ይበላዋል፤ ከውሃው ጋር ተዋሕዶ ነው ድንጋይ የሚሆነው። ውሃ ውስጥ ብትከቺው እንኳ ይጠነክራል። በድሬ ፀሐይ ላይ ግን ውሃው ሳይበላ ይተናል። አንድ ጎረቤታችን የውሃ ታንከር መሠረት በእኩለ ቀን አስሞልቶ፣ ሳያለብስ ትቶት ሄደ። በሳምንቱ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጠቀ። "ሲሚንቶው የተበላሸ ነው" ብሎ ከሻጩ ጋር ተጣላ። እኔ ሲሚንቶው ምን አደረገ ብዬ ልሟገት ስል እናትሽ በክርን ጎሸም አደረገችኝ። አንቺ ቤት ስትሠሪ ከሰዓት በኋላ ሲበርድ አስሞዪ፣ እርጥብ ጆንያ አልብሺ፣ ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጪ።

ሲሚንቶ በ28 ቀን ይመዘናል አልኩሽ። ሌላው የአገራችን ኬሚስትሪ ግን በሰዓት ነው የሚሮጠው፤ አወዳይ ላይ ጫት የተጫነበት አይሱዙ ለምን እንደሚበር ጠይቀሽኝ ነበር። ጫት ትኩስ ቅጠሉ ውስጥ ካቲኖን የሚባል ነገር አለው፤ በ1975 የተባበሩት መንግሥታት ላብራቶሪ ነው ለይቶ ያወጣው። ቅጠሉ ሲጠወልግና ሲደርቅ ካቲኖኑ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል። ሾፌሩ የሚሽቀዳደመው ከዚያ ጋር ነው። ኬሚስትሪውን አውቆም አይደለም፤ ዋጋው ሲወድቅ ስለሚያይ ነው። መንገድ ላይ ስንቱን እንደቀጠፈ አንቺም ታውቂያለሽ፣ አልመለስበትም።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር። እኔ ጋ በትንሹ ክሩሲብል ውስጥ የሚጠፋው ነገር ትልቁ ምድጃ ውስጥም ይጠፋል፣ በቶን። አንድ ቶን ክሊንከር ሲወጣ ከድንጋዩ ብቻ ግማሽ ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቀቃል። ነዳጁ ሲጨመር ይበልጣል። ዓለም በዓመት ከሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚሆነው ከሲሚንቶ ነው። ነዳጁን በፀሐይ ወይም በግድብ መብራት ተካው ቢባል እንኳ የድንጋዩ ድርሻ አይቀርም። ቤት ደግሞ እንፈልጋለን። አገሩ ገና እየተገነባ ነው። "ሲሚንቶ አቁሙ" የሚል ፈረንጅ ቤቱ ቀድሞ የተሠራለት ነው።

ስለዚህ ሥራ አለ። ለአንቺ ዕድሜ ማለቴ ነው። ስዊዘርላንድ ሎዛን ያለችው ካረን ስክሪቨነር ከኩባና ከሕንድ ተመራማሪዎች ጋር ሆና አንድ ሲሚንቶ አምጥታለች፤ ኤልሲ3 ይሉታል። ከክሊንከሩ ግማሽ ያህሉን ያወጡና ካኦሊን የሚባለው ነጭ ማዕድን ያለበትን ሸክላ አፈር 800 ዲግሪ ገደማ ላይ አግለው፣ ካልተቃጠለ የኖራ ድንጋይ ጋር ይተኩታል። ድንጋዩ ሳይቃጠል ስለሚገባ 44 ግራሙ እዚያው ውስጥ ይቀራል። ልቀቱ እስከ 40 በመቶ ይቀንሳል። እኛም ፒፒሲ በሚባለው ሲሚንቶ ውስጥ ፑሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) እየጨመርን በዚሁ መንገድ ትንሽ ሄደናል።

በ2023 ደግሞ ኤምአይቲ የሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የጥንት ሮማውያንን ኮንክሪት አጥንተው አሳተሙ። ውስጡ ነጫጭ የኖራ ጓል አለ። ድሮ ሊቃውንቱ "በደንብ ያላቦኩት ነው" ይሉ ነበር። ለካ ገና ውሃ ያልፈሰሰበትን የተቃጠለ ኖራ በትኩሱ ቀላቅለውት ነው። ስንጥቅ ሲፈጠር ውሃ ይገባል፣ ጓሉን ያሟሟል፣ የሟሟው ኖራ ስንጥቁን ይደፍናል። ይሄንን ሳነብ የጎረቤታችን ታንከር ትዝ አለኝ።

አንድ ልጨምርልሽ፣ እሱ ደግሞ የውሃ ነው። የ2025 የኬሚስትሪ ኖቤል የደረሳቸው ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሱሱሙ ኪታጋዋ፣ ሪቻርድ ሮብሰንና ኦማር ያጊ። የብረታ ብረት አቶሞችን ካርቦን ባላቸው ሞለኪውሎች እያያያዙ በውስጡ ባዶ ክፍል ያለው ክሪስታል መሥራት ነው ግኝታቸው፤ ሞፍ ይባላል። ጥቂት ግራም ውስጥ ያለው ገጽ ቢዘረጋ የኳስ ሜዳ ያክላል። ያጊ የተወለደው አማን፣ ከፍልስጤማውያን ስደተኛ ቤተሰብ ነው። አንዲት ክፍል ውስጥ ከከብቶቹ ጋር አድገዋል፤ ቧንቧ የለ፣ መብራት የለ። የዛሬ ሥራው ምን መሰለሽ? በአሪዞና በረሃ ሌሊት ከአየሩ እርጥበት የሚይዝ፣ ጠዋት ፀሐይ ሲሞቀው ውሃ የሚያንጠባጥብ ሞፍ። ቧንቧ የሌለው ቤት ያደገ ሰው ውሃ ከአየር ቢፈልግ አይገርምም። ይሄ የደቻቱ ወንዝ ደርቆ ጄሪካን ተሸክሞ ለሚሰለፍ ሰው ተረት አይደለም። ዋጋው ግን ገና ለእኛ ኪስ አልወረደም።

ከነዚህ ሞፎች አንዱ ካናዳ ውስጥ ሲሚንቶ ፋብሪካ ላይ ተሞክሯል፣ ከጭስ ማውጫው ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዲይዝ። የኔን 44 ግራም በር ላይ ጠብቆ የሚይዝ ሰው ተገኘ ማለት ነው።

በይ እንግዲህ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ከከተማ ወጣ ብሎ ነጣ ያለ ሸክላ አፈር አይቻለሁ። ካኦሊን ይኑረው አይኑረው ማወቅ እፈልጋለሁ። ንጹህ ካኦሊን ሲሞቅ 14 በመቶ ያህል ይቀንሳል፣ የሚወጣው ውሃ ነው። የኛ ፈርነስ ምን ያህል እንደቀነሰ ይነግረኛል እንጂ ስንት ዲግሪ ላይ እንደቀነሰ አይነግረኝም፤ አፈሩ ውስጥ ኖራ ካለ ደግሞ ሁለቱ ይደባለቁብኛል። እያሞቀ በዚያው የሚመዝን መሣሪያ አለ፣ ቲጂኤ ይሉታል። ካኦሊኑ ከ450 እስከ 600 ዲግሪ ባለው መሀል ነው የሚቀንሰው፣ ኖራው ከ700 በላይ። ዲፓርትመንታችሁ ውስጥ ካለ አስተማሪሽን በትሕትና ጠይቂልኝ። "አባቴ ነው የላከኝ" አትበይ፣ "የራሴ ጥያቄ ነው" በይ። ቢያንስ ስምሽን ይይዙታል።

እናትሽ በመጪው ቅዳሜ አውቶቡስ በሚመጣ ሰው ሽሮና በርበሬ ትልክልሻለች። አፈሩን አብሬ አደርገዋለሁ። ቀዩ ፌስታል በርበሬው ነው፣ ቢጫው ሽሮው፣ ጥቁሩ አፈሩ። ለዶርም ጓደኞችሽ አስቀድመሽ ንገሪያቸው።

አባትሽ
ድሬዳዋ፣ ሳቢያን